የጎርጎራው የታንኳ ሙግት

የልጅ ልጄ ሰላም እንግሊዝ አገር፣ ባሕር ዳር ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ ነርስ ናት። ባለፈው ዓመት «ሦስት ሳምንት ብቻ ይምጡና ይዩኝ» ብላ ወሰደችኝ። ከተማዪቱ አንድ ዋና መንገድ፣ አንድ የድንጋይ ቤተ ክርስቲያንና ብዙ ሽማግሌ አላት። ሽማግሌዎቹ አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረው፣ ትንንሽ ውሻ ጭናቸው ላይ አስቀምጠው፣ ባሕሩን ሲያዩ ይውላሉ። ባሕሩ ደግሞ የሚታመን አይደለም። ጠዋት ግንቡን ሲመታ የነበረው ውኃ ከሰዓት በኋላ ጥሎ ይሄዳል፤ ጀልባዎቹ ጭቃው ላይ በጎናቸው ተጋድመው ይቀራሉ።

«የት ሄደ?» አልኳት።

«ይመለሳል እማማ። በቀን ሁለት ጊዜ እንደዚህ ነው።»

«ማን ጠርቶት?»

እሷ ሳቀች። እኔ ግን ጭቃው ሲገለጥ የመጣው ሽታ ይዞኝ ቆሜ ነበር። የረጠበ ገመድ፣ የዓሣ ቅርፊት፣ ውኃ ውስጥ የሻገተ ሣር። እንደዚያ የሚሸት ቦታ በዕድሜዬ ሌላ አንድ ብቻ ነው የማውቀው።

ከዚያ የተጠበሰ ዓሣ ልትገዛልኝ ወሰደችኝ። ተሰልፈን ሳለ አንድ ረጅም ሰው ከኋላ መጥቶ ሁላችንንም አልፎ ወደ ፊት ሄደ። እዚያ አገር ሰው ተራውን እንደ ቆራቢ ይጠብቃል፤ ሆኖም ማንም ምንም አላለም። እኔ የኮቱን ጫፍ ለቀም አድርጌ ያዝኩ።

«እማማ፣ ይልቀቁት» አለች ሰላም፣ ፊቷ በርበሬ መስሎ።

«ተራ አለ በይው።»

«የቤቱ ሠራተኛ ነው። ዓሣውን የሚጠብሰው እሱ ነው።»

ለቀቅሁት። ይቅርታ በይልኝ አልኳት፤ አለችልኝ። ጣቶቼ ላይ ግን የወፍራም ጨርቅ ስሜት ቀረ። በዕድሜዬ የማላውቀውን ሰው በልብሱ ስይዝ ሁለተኛዬ ነው። የመጀመሪያውን የያዝኩት በዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ቦታው ጎርጎራ፣ ጣና ዳር ነው፤ ሰውየውም ጠመንጃ ነበረው።

ጣሊያን ጎንደርን ከያዘ ሁለት ዓመት አልፎት ነበር። ቤታችን ከጎንደር በስተ ሰሜን፣ ገደል አፋፍ ካለችው ከድብ ባሕር ወጣ ብሎ ነው። አባቴ ጠመንጃውን ይዞ ዱር ከገባ ሁለት ዓመቱ ነው። እናቴ ታናሽ ወንድሜን አዝላ ወደ ጎጃም፣ ወደ ወገኖቿ ሸሽታለች። እኔ ከአባቴ አባት ከአያ ጓንጉል ጋር ቀረሁ። አገሩ ሁሉ አያ ስለሚለው እኔም አያ እለው ነበር።

አያ ጓንጉል ጠበቃ ነበር። ጠበቃ ስል የተማረ ማለቴ አይደለም፤ ፊደል አይቆጥርም፣ ሕጉ ያለው ምላሱ ላይ ነው። ጣሊያን ከመጣ ወዲህ ሸንጎ ስለተበተነ የሚከራከረው ሰው አጣ። ስለዚህ ከእኔ ጋር ይከራከር ነበር። ሽንብራውን ማን በላው፣ ጥጃዋን ማን ለቀቃት፤ ሁሉም በሥርዓቱ ይጠየቃል። ዘንጉን ያስይዘኝና «ቁሚ፣ ተናገሪ» ይለኛል። ቤት ውስጥ የምወደው ጨዋታ እሱ ነበር፤ ስረታ ሸጋ ቆሎ ይሰጠኛል።

«በሕግ አምላክ የተባለ ሰው» ይለኝ ነበር፣ «ንጉሥም ቢሆን አንድ እግሩን ካነሣ ሌላውን አያስከትልም። የልብስሽን ጫፍ ከልብሱ ቋጥረሽ ዳኛ ፍለጋ መሄድ ነው። ዳኛ ከታጣ መንገደኛው ዳኛ ነው። ደግሞ ይህን ያዢ፤ ሸንጎ ፊት የዋሸ፣ እውነት ቢኖረውም ተረትቷል።»

እኔ ይህን ዝናብ ከላይ ወደ ታች እንደሚወርድ አድርጌ ነው ያመንኩት። ሰንደቅ ዓላማው ሲቀየር ሕጉም አብሮ እንደተሻረ ማንም አልነገረኝም።

የጥምቀት ማግሥት አያ «ጎርጎራ እንሄዳለን፣ ለዓይንሽ ጠበል» አለኝ። ዓይኔ በእርግጥም ያዥ ነበር፤ ጠዋት ጠዋት ተጣብቆ ነው የሚነጋው። ጎንደር ላይ የይለፍ ወረቀት የሚሰጠው አስተርጓሚ መግሉን አይቶ ፊቱን አዞረና ቶሎ ሂዱልኝ ብሎ ሰጠን። እውነቱን ያወቅሁት በኋላ ነው። አባቴ ጭኑን በጥይት ተመትቶ ጎርጎራ፣ አንድ ታንኳ ሠሪ ቤት ተኝቶ ነበር። አያ የሚሄደው አባቴንና እኔን ይዞ፣ ሐይቁን በደሴቶቹ በኩል ተሻግሮ ጎጃም እናቴ ዘንድ ሊያደርሰን ነው። ለእኔ ያልተነገረኝ ውሸት ስለማላውቅ ነው። ከጠየቁኝ እናገር ነበር።

ድብ ባሕር ሲነጋ ገደሉን ጉም ይሞላውና ረፋድ ላይ ይነሣል። ጣናን ያየሁ ዕለት ጉም መሰለኝ። ምነው አይነሣም እያልኩ ጉብታ ላይ ተቀምጬ እስከ እኩለ ቀን ጠበቅሁት።

ጎርጎራ ያን ጊዜ ትንሽ ናት። ጣሊያን ኮረብታው ላይ ባንዲራ ተክሏል፤ ታች ድንጋይ ክቦ ለጭስ ጀልባው መቆሚያ ሠርቷል። እሑድ እሑድ ነጮቹ ልብሳቸውን አውልቀው ውኃ ይገባሉ፤ ሲወጡ እንደ በርበሬ አሸዋው ላይ ይሰጣሉ። እነሱም እንደ እኔ ለጠበል የመጡ መሰለኝ።

«አያ፣ ቄስ ሳያጠምቃቸው እንዴት ይድናሉ?» አልኩት።

«አይድኑም» አለኝ።

ታንኳ ሠሪው ይማም ይባላል፤ ሚስቱ ዘሐራ። ወይጦዎች ናቸው። በዚያ ዘመን ክርስቲያን የወይጦ ቤት አይገባም፣ ከእጁም ውኃ አይቀበልም፤ ጉማሬ ይበላሉ እየተባለ ይጠየፏቸዋል። አባቴን የሸሸገው ያ ንቀት ነው። የጣሊያን ባንዳዎቹም ክርስቲያን ስለነበሩ ይማም ደጅ ሲደርሱ አፍንጫቸውን ሸፍነው ያልፋሉ። ንቀት ደግ ሥራ ሲሠራ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ ሆኖም አላመሰግነውም። በዚያ ላይ ይማም «ወንድሜን ፈንጣጣ ይዞታል» ብሎ አስወርቶ ነበር። እኔም ያንኑ ነው የተነገረኝ። እኔና አያ ከአጥሩ ውጭ ትንሽ ጎጆ ቀልሰን ተቀመጥን፤ ወደ ታማሚው እንዳልጠጋ በማርያም አስማለኝ።

ጠዋት ማርያም ሄጄ እጠመቃለሁ። ከዚያ በኋላ ሥራዬ ታንኳ የሚሠራበትን ደንገል ማገላበጥ ነው። ይማም ደንገሉን ከውኃው ዳር አጭዶ ያመጣል፤ ቁመቱ የሁለት ሰው ያህል ነው። አሸዋው ላይ ይሰጣል፤ አንዱ ጎኑ ሲደርቅ ሌላው ካልተገለበጠ ይሻግታል፣ የሻገተ ደንገል ደግሞ ሰው ይዞ ይሰጥማል። እጄ በጠርዙ ተቆራርጦ ነበር። ያንን ሥራ ወደድኩት፤ የሠራሁት ይታየኛል።

ምግብ ላይ ግን ክርክር ነበረኝ። ይማም በየቀኑ ከያዘው ላይ ሁለት ቆሮሶ ዓሣ ለእኛ ወገን ይሰጣል። አንዱ ሙሉ ዓሣ ለታማሚው ይገባል። አንዱን እኔና አያ እንካፈላለን። ወተትም ከተገኘ ለታማሚው ነው።

«ተኝቶ የሚውል ሰው ምነው ከሚሠራ ሰው ይበልጥ ይበላል?» አልኩት አያን።

አያ የራሱን ድርሻ ወደ እኔ ገፋው። ዘሐራ ሳቀች።

«አንቺ ልጅ፣ ከማሕፀን ሚዛን ይዘሽ ነው እንዴ የወጣሽው?»

አንድ ቀን አልቻልኩም። ከጭቃው ግድግዳ ውጭ ቆሜ «አንተ ታማሚ» አልኩ፣ «ዛሬ እንኳ ግማሹን ተው። ደንገሉን የማገላብጠው እኔ ነኝ።»

ከውስጥ ሳቅ ሰማሁ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ። በማግሥቱ ዓሣው ግማሹ ሳይነካ ወጣ። በላሁት፤ ጣፈጠኝ። ከዚያም ቀን ጀምሮ በየቀኑ ግማሹ ይወጣ ነበር፤ እኔም በየቀኑ በላሁት። የአባቴን ሳቅ ለምን እንዳላወቅሁት ራሴን ብዙ ጠይቄአለሁ። ሲሄድ ሰባት ዓመቴ ነበር። ሰው ድምፁን የሚያውቁት ይኖራል ብለው ሲጠብቁት ነው መሰለኝ።

ይማም የሚሠራው ታንኳ ከሌሎቹ ሁሉ ይበልጥ ነበር። ሌላው ቀዛፊውንና አንድ ሰው ይይዛል፤ ይህ አራት ሰው ይይዛል። ዘሐራን ለምን ተለቀ ብያት «ታማሚውን ደሴት ያለ መድኃኒተኛ ዘንድ ልናደርሰው ነው፤ አንቺና አያም ትሄዳላችሁ» ብላኝ ስለነበር፣ ታንኳ ላይ ልቀመጥ ነው ብዬ በደስታ እንቅልፍ አጥቼ ነበር።

ታንኳው ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው አዋጅ ነጋሪ መጣ። ከሁለት ሰው በላይ የሚጭን ታንኳ የተገኘበት ይታሰራል፣ ታንኳውም ይወረሳል አለ። ሽፍታ እያሻገራችሁ ነው ማለቱ ነው። ይማም ታንኳውን ደንገሉ መሀል ሊሸሽገው ፈለገ፤ ነገር ግን ፀሐይ ካላገኘ አይደርቅም። አያ «ቅዳሜ ገበያ ነው፣ ሰው ይበዛል፣ ማንም አያስተውለውም። እሑድ ሲመሽ እንሄዳለን» አለ። አያቴ በነገር ሲሳሳት ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ቅዳሜ፣ ከይማም ቤት ፊት ለፊት አሸዋው ላይ የሚቆመው ገበያ ሞልቶ ሳለ ባሻ መጣ። ባሻ የባንዳዎቹ አለቃ ነው፤ የደምቢያ ሰው ነው፣ እናቱ እዚያው አካባቢ ቅቤ ትሸጣለች። በዚያ ሙቀት የጣሊያን ካፖርት ለብሶ ይውላል፤ ካፖርቱ ሹመቱ ነበር። ታንኳውን አየ፣ ዞረው፣ በእግሩ ነካ አደረገው።

«ይማም፣ ይህ የአንተ ነው?»

ይማም ቆቡን አውልቆ መሬት መሬት አየ።

«ገብቶሃል» አለ ባሻ። «እወስደዋለሁ። አንተ ደግሞ ነገ ራስህ ኮረብታው ድረስ ትመጣለህ።» የታንኳውን ጫፍ ይዞ መጎተት ጀመረ።

አያን አየሁት። ሾላው ሥር ዘንጉን ተደግፎ ቆሟል፤ አይንቀሳቀስም። አገሩን ሁሉ ያፋረደ ሰው፣ የሦስት ሳምንት ልፋታችን በጠራራ ፀሐይ ሲነጠቅ ዝም አለ። ደሜ ፈላ። ሮጥሁ።

«በሕግ አምላክ፣ ቁም» አልኩ።

ባሻ ቆመ።

ይህን ሳስበው እስከ ዛሬ ይደንቀኛል። ጠመንጃ አለው፣ ከጀርባው ጣሊያን አለለት፤ እኔ ዓይኔ የሚያዥ ልጅ ነኝ። ግን ቃሉን ከእኔ በፊት ከእናቱ ጡት ጋር ጠብቶታል፤ እግሩ ከራሱ ቀድሞ ታዘዘ። ወዲያው አፈረና ሊራመድ ሲል የነጠላዬን ጫፍ በካፖርቱ ቁልፍ ቀዳዳ አሳልፌ ቋጠርኩት።

«ይህቺ የማን ናት?» አለ፣ ቋጠሮውን እያየ።

«ባሻ» አለ ከገበያው አንድ ሰው፣ «በሕግ አምላክ ተብሎ የተራመደ ሰው እኛ አገር አላየንም። አንተ አገር ካለ ንገረን።»

ሰው ሳቀ። የከበበን ሰው በዛ። ከሰዉ መሀል አንዲት አሮጊት «ቁም ተብሏል፣ ቁም» አለች። እናቱ መሆኗን ያወቅሁት አንገቱን ሲሰብር ነው።

«ዳኛ የታለ ታዲያ?» አለ ባሻ፣ ነገሩን ቀልድ ሊያደርገው እየሞከረ።

በዚያች ሰዓት አንድ የጨው ነጋዴ አህያውን እየነዳ ብቅ አለ። ሰዉ ያዘው።

«እኔ ቤቴ አዲ አርቃይ ነው» አለ ነጋዴው። «አህያዬ ጀርባዋ ተልጧል። በእናታችሁ ሌላ ፈልጉ።»

«የመንገድ ዳኛ አይመረጥም» አለች አሮጊቷ።

ነጋዴው ባሻን አየ፣ ጠመንጃውን አየ፣ እኔን አየ። አህያውን አስሮ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። «እንግዲህ አጭር አድርጉት» አለ።

«ተጠየቅ» አልኩ ባሻን።

«ጠይቂ።»

«ደንገሉን ማን አጨደው?»

«ይማም።»

«ማን አገላበጠው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ?»

እጄን ዘርግቼ ቁርጥራጩን አሳየሁት። «ያጨደው ይማም፣ ያገላበጥኩት እኔ። አንተ ምን ሠራህበት?»

«የመንግሥት ትእዛዝ ነው።»

የማን መንግሥት ልለው አፌን ከፍቼ አያን አየሁት። በጣም በቀስታ ተይ በሚል ራሱን ነቀነቀ። አፌን ዘጋሁ።

«አሁን እኔ ልጠይቅ» አለ ባሻ፤ ፊቱ ላይ ያለው ቀልድ ጠፋ። «ይህ ታንኳ አራት ሰው ይጭናል። አንዱ ቀዛፊው ይማም ነው። ሦስቱ እነማን ናቸው?»

ሸንጎ ፊት የዋሸ ተረትቷል። ጥያቄው ደግሞ ቀላል ነው፤ መልሱን አውቀዋለሁ።

«አንዷ እኔ» አልኩ።

«እሺ።»

«አንዱ አያ።»

«ሦስተኛውስ?»

ወደ አያ ዞርኩ። ከንፈሩ አመድ መስሏል። ያ ሰው ማንንም ሲለምን አይቼው አላውቅም፤ አሁን ግን በዓይኑ እኔን ይለምናል። ምን እንደሆነ አልገባኝም። ታማሚውን ከተናገርኩ አንድ ነገር እንደሚሰበር ብቻ ገባኝ።

«ሦስተኛው ዓሣው ነው» አልኩ። «ትልቅ ቅርጫት ነው፤ የአንድ ሰው ቦታ ይይዛል።»

ገበያው በሳቅ ፈረሰ። ባሻ አልሳቀም። ከእኔ ላይ ዓይኑን አንሥቶ ወደ ይማም ቤት አየ፣ ረጅም አየ። እኔም የተረታሁ መሰለኝ። በሕይወቴ የመጀመሪያው ውሸቴ ነበር፤ ያውም ሸንጎ ፊት።

«ዳኛ፣ ፍረዱ» አለች አሮጊቷ ቶሎ ብላ።

ነጋዴው ጉሮሮውን ጠረገ። «ባሻ፣ ትእዛዙ ምን ይላል? ታንኳ አይኑር ይላል?»

«ከሁለት ሰው በላይ የሚጭን አይኑር ይላል።»

«እንግዲያው መንግሥት የጠላው ታንኳውን አይደለም፤ ትልቅነቱን ነው። ትልቅነቱን ውሰድ። ታንኳውን ለሠሩት ተው። የውስጡ ነዶ ተፈትቶ ይውጣ፣ ጫፉ ይቆረጥ፣ ሁለት ሰው ብቻ የሚይዝ ይሁን። ነዶውን ለአለቃህ አሳየው። ፈርጃለሁ፤ አህያዬን ልቀቁልኝ።»

ባሻ ሊመልስ ሲል ከኮረብታው ማኪና ወረደ። ሰው ተበተነ። ውስጡ የኮረብታው ጣሊያን ሹም ከአንድ አስተርጓሚ ጋር ተቀምጧል። ማኪናው አጠገባችን ቆመ፤ ጭሱ ዓይኔን አቃጠለው። ሹሙ በጣቱ ታንኳውን አሳየና አንድ ነገር ተናገረ።

«ምንድን ነው ይህ ትልቅ ታንኳ ይላል» አለ አስተርጓሚው።

ባሻ የካፖርቱን ጫፍ ሰብስቦ ቋጠሮውን በእጁ ሸፈነው። ከልጅ ጋር ታስሮ መታየት ከሞት ይከብደው ነበር። አንድ እርምጃ ቢራመድ እኔ እየተጎተትኩ እከተለዋለሁ። ስለዚህ ባለበት ቀጥ ብሎ ቆሞ «እያስቆረጥኩት ነው በለው» አለ።

ሹሙ እሺ በሚል ራሱን ነቀነቀ። ማኪናው ሄደ።

ይማም ማጭዱን አንሥቶ ነዶዎቹ የታሰሩበትን ልጥ ፈታ። እኔ ያገላበጥኩት ደንገል ነዶ ነዶው ሲወጣ ቆሜ አየሁ። ሲጨርስ ባሻ ጎንበስ ብሎ ቋጠሮውን ራሱ ፈታው፤ ሲፈታ ትንባሆ ትንባሆ ይሸታል። ከዚያ አያ አጠገብ አለፈና፣ ሳይቆም፣ «ነገ ማለዳ ታማሚያችሁን መጥቼ አያለሁ። ፈንጣጣ ይመዘገባል» አለው።

ዛቻ ይሁን ምክር አላወቅሁም። ዛሬም እሱን ልከሰው ወይ ልለቀው አልቻልኩም።

እሑድን መጠበቅ ቀረ። ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ገበያተኛው ወደየቤቱ ሲሄድ፣ ይማምና አያ ታማሚውን በቆዳ ጠቅልለው አወጡት። እኔ እንደማልሁት ራቅ ብዬ ቆምኩ። አያ ዞሮ «ነይ» አለኝ።

«ፈንጣጣ ነው።»

«ፈንጣጣ አይደለም። ነይ፣ አባትሽን ሳሚው።»

አልሮጥኩም። ሰው እንዲህ ሲባል ይሮጣል ይላሉ፤ እኔ እግሬ እንደ ባሻ እግር ቆመ። ጠጋ ስል ፊቱ አጥንት ብቻ ሆኗል። ጢሙን አውቀዋለሁ፣ ሌላውን አላውቀውም። እጁን አወጣና አገጬን ያዘኝ።

«ሙግቱን በግድግዳው ሰማሁት» አለኝ። «ማን ረታ?»

«እኔ» አልኩ።

«አዎ፣ አንቺ።»

ታንኳው ላይ አጋደሙት። ይማም ከኋላ ቆመ፤ ውኃው እስከ ጠርዙ ደረሰ። እኔ ነጠላዬን አጣፋሁና እግሬን ላነሣ ስል ይማም ወደ አያ አየ።

«እኔስ?» አልኩ።

መልስ ሳልጠብቅ ገባኝ። ሁለት ሰው ተብሎ ተፈርዷል። ክሱን ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ዝም ብል ኖሮ ታንኳውም አባቴም ይያዙ ነበር፤ በሕግ አምላክ አልኩና ታንኳው ለአባቴ ተረፈ፣ የእኔ ቦታ ግን ነዶ ሆኖ አሸዋው ላይ ተቆልሏል። ይግባኝ የምለው ዳኛ አልነበረም። የታንኳውን ጠርዝ ይዤ ነበር፤ ራሴ ለቀቅሁት። ደንገሉ መሀል እስኪገቡ አየኋቸው። አያ ፊቴን ሲያይ ደረቅ ነው።

«ምነው አታለቅሺም?» አለኝ።

«የረታ ሰው አያለቅስም» አልኩት።

ይማም ጎሕ ሲቀድ ተመለሰ። አባቴን ደሴቱ ላይ ሌሎች ተቀብለውት ነበር። አያና ዘሐራ ጓሮ አፈር ቆልለው ድንጋይ ጭነውበታል፤ የታማሚውን መኝታ ደጅ ላይ አቃጥለውታል። እሳቱ ሳይጠፋ ባሻ መጣ፤ ከሁለት ሰው ጋር ነው። መጀመሪያ ታንኳውን በመዳፉ ዳሰሰው።

«ምነው ረጠበ?»

«ለዓሣ ወጥቼ ነው» አለ ይማም።

«ዓሣውስ?»

«አልቀናኝም።»

ባሻ ቃጠሎውን አየ። አፈሩን አየ። «ታማሚው?»

«ሌሊት አረፈ» አለ አያ። «ፈንጣጣ ስለሆነ ቶሎ ቀበርነው።»

ሁለቱ ሰዎች ወደ ኋላ ሸሹ። ባሻ ግን ከአያ ዞሮ ወደ እኔ መጣ፤ ጎንበስ ብሎ ዓይን ዓይኔን አየኝ።

«አንቺ ትናንት ፊት ለፊት የጠየቅሽኝ ነሽ። ሞቷል?»

«ሞቷል» አልኩ።

«ዘመድ ነው?»

ሦስተኛ ውሸት ልዋሽ አፌን ከፈትኩ። አልወጣም። ባሻ አጎንብሶ እንዳለ፣ ሁለቱ ሰዎች በማይሰሙት ድምፅ፣ «ሰው ሞቶበት የማያለቅስ ቤት አላየሁም» አለኝ።

ሲያስተምረኝ ይሁን ሲፈትነኝ አላወቅሁም። አፈሩ ላይ ተደፋሁ። በባዶው መቃብር ላይ፣ የወይጦ ወንድም ነው ለተባለው ሰው፣ አባቴን እየተጣራሁ አለቀስኩ። «አባዬ» ስል ዘሐራ ቀድማ ስለጮኸች ድምፄን ዋጠችው። ባሻ «በቃ፣ ነፍስ ይማር» አለና ሰዎቹን ይዞ ሄደ።

ኮረብታውን ወጥተው እስኪጠፉ አያ አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ መጥቶ ትከሻዬን ያዘ።

«ባሻ ሄዷል ልጄ። አሁን ማስመሰሉ ይበቃል።»

እኔ ግን የእውነቱን ለቅሶ ገና መጀመሬ ነበር።